የለፋፊው ሦስተኛ ቅዳሜ

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል ውስጥ ባገር ሰው ቤት ስልክ ጮኾ፣ የደዋዩን ስም በምታሳየው ትንሽ ሳጥን ላይ «ረሻድ» የሚል ሲወጣ፣ ሰው ከማንሳቱ በፊት ይቀመጥ ነበር። አንዱ ቴሌቪዥኑን ያጠፋል፤ አንዷ ድስቷን ከምድጃ ታወርዳለች። ፍሪድሊ የሚኖሩት እትዬ ፈዲላማ ስልኩን ለልጃቸው አቀብለው ራሳቸው መታጠቢያ ቤት ይገቡ ነበር አሉ፤ ክፉ ወሬ በጆሮዬ ከምሰማው ከልጁ ፊት ላይ ባነበው ይሻለኛል ብለው።

ረሻድ ክፉ ሰው ሆኖ እንዳይመስላችሁ። ሳቅ የሚቀናው፣ ሰው ሲያወራለት ሻዩ እስኪቀዘቅዝ የሚያዳምጥ፣ ሃምሳ የሞላው ገር ሰው ነበር። ጣጣው የተሰጠው ኃላፊነት ነው። የእድሩ ለፋፊ እሱ ነበር። ሰው ሲሞት ለዘጠና አራት ቤተሰብ እየደወለ የሚናገረው እሱ ነው።

ሙያው ከአባቱ የወረሰው ነው። አባቱ መርካቶ፣ አሜሪካን ግቢ በሚባለው ሰፈር፣ የእድር ጥሩምባ ነፊ ነበሩ። ጉልበታቸው ሲደክም ጥሩምባውን ለረሻድ ሰጡት፤ እሱም አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጎህ ሳይቀድ እየተነሳ ሰፈሩን ቀብር ሲያስወጣ ኖረ። ጓደኞቹ «ከአሜሪካን ግቢ ወደ አሜሪካ ስትመጣ ግቢው ብቻ ነው የቀረብህ» እያሉ ይተርቡታል። እውነትም እዚህ ደግሞ ግቢ የለውም፤ ፎርት ስኔሊንግ በኩል ያለው ኤርፖርት ውስጥ መንገደኛ ከመኪና ማቆሚያ ወደ ተርሚናል የሚያመላልስ ሸትል ይነዳል። እድሩ ሲቋቋም ለፋፊ ማን ይሁን ተብሎ ሲጠየቅ፣ ከመርካቶ የሚያውቁት አንድ ሽማግሌ ምንም ሳይናገሩ ጣታቸውን ወደ እሱ ቀሰሩ። በዚያው ቀረ።

ጥሩምባ የለም፤ ስልክ ነው። ግን የራሱ ሥርዓት አበጅቶለታል። ከሰላምታው ቀጥሎ ትንሽ ዝም ይልና «ተቀምጠሃል?» ይላል። ሰው ቆሞ ሰምቶ እንዳይወድቅበት ነው። የዘጠና አራቱ ቤተሰብ ስም የሰፈረበትን ሁለት ገጽ ወረቀት በላስቲክ ጠቅልሎ በደረት ኪሱ ይዞ ይዞራል። ሚስቱ ኑርያ ሸሚዙን ባጠበች ቁጥር እያወጣች፣ እየመለሰች ሰልችቷታል። አንድ ቀን ግን፣ ወረቀቱን ስታቀብለው፣ እንዲህ አላት፦

«አንድ ጊዜ እንኳ፣ ኑርያ፣ ለደስታ ደውዬላቸው ባየሁ።»

ይህን ምኞት ያሳደረበት አንድ ትያትር ቤት ነው።

ሴንት ፖል፣ ፍሮግታውን በሚባለው ሰፈር፣ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ፣ አንድ ያረጀ ሲኒማ ቤት ነበር። የሰፈሩ ሰዎች ተሰባስበው አድሰው የጋራ ትያትር ቤት አድርገውታል። ረሻድ መጀመሪያ የገባው ለትያትር ብሎ አይደለም። መኪናው በብርድ ሞታበት አሥራ ስድስት ቁጥር አውቶቡስ እየጠበቀ ጣቶቹ ደነዘዙና በሩን ገፋ አድርጎ ገባ። ማርሊስ የምትባል ሴትዮ፣ ከቤተ መጻሕፍት ሥራ ጡረታ ወጥታ ያን ቤት በነጻ የምታስተዳድር፣ ማን ነህ ምን ፈለግህ ሳትል ማሞቂያው አጠገብ ወንበር ሳበችለት። ተቀምጦ ሲሞቅ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ረጅም ወረቀት አየ። የሚቀጥለው ወር ዝግጅት ዝርዝር ነው፦ በመጀመሪያው ቅዳሜ ከላኦስ የመጡት የሞንግ ወጣቶች ጭፈራ፣ በሁለተኛው ድምፅ የሌለው የድሮ ፊልም ከፒያኖ ጋር፣ ዓርብ ዓርብ የልጆች ፊልም።

ልጅነቱ ትዝ አለው። ሲኒማ ቤት በር ላይ ቆሞ «በቅርብ ቀን» የሚለውን እያነበበ፣ የመግቢያ ገንዘብ ባይኖረውም፣ ደስ ሲለው። የእሱ የለፋፊነት ወሬ ሁሉ ስላለፈ ነገር ነው። ይሄ ወረቀት ስለሚመጣ ነገር ያወራል። አውቶቡሱ መጥቶ አለፈው፤ ረሻድ ገና እያነበበ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ከሥራ ሲወጣ ጎራ ማለት ለመደ። የበሩን በረዶ ይጠርጋል፣ የተሰበረ ወንበር ይጠግናል፣ ማርሊስ የምታወራውን ያዳምጣል። አንድ ቀን ሦስተኛው ቅዳሜ ባዶ መሆኑን አየና፣ በዚያ በሚያፍርበት እንግሊዝኛው፣ የእኛ ሰዎችስ አላት። ማርሊስ እስክሪብቶዋን አንስታ ወረቀቱ ላይ ጻፈች። ፊልም ለማሳየትም ትያትር ለመሥራትም ቀኑ የእናንተ ይሁን አለችው። ያኔ የተሰማውን ረሻድ ለብዙ ሰው አውርቶታል፤ ሳትጠይቀኝ ወንበር የሰጠችኝ ሴትዮ፣ ጠይቄያት ቅዳሜ ሰጠችኝ ይላል።

ታዲያ ቅዳሜውን ማግኘት አንድ ነገር፣ ሰው ማግኘት ሌላ ነገር ሆነ። በጃንዋሪ ካገር ቤት የመጣ የትያትር ቪዲዮ በትልቁ መጋረጃ ላይ አሳዩ። አሥራ አንድ ሰው መጣ፤ ከእነዚያም ሦስቱ በመተላለፊያው የሚሯሯጡ ሕፃናት ነበሩ። በፌብሩዋሪ አሥራ ዘጠኝ ሰው መጣ። ማርሊስ ደግ ሴት ናት፤ ግን ቤቱ መቶ አርባ ወንበር አለው፣ ቀን የሚጠይቅም ሌላ ማኅበር ሞልቷል። በማርች ሰማንያ ሰው ካልሞላ ሦስተኛውን ቅዳሜ ለሌላ መስጠት ግድ እንደሚሆንባት ነገረችው። ስትናገር ከእሱ ይልቅ እሷ ነበረች ያቀረቀረችው።

ረሻድ ሰውን ጠየቀ። የሱቅ በር ላይ ሁሉ ፍላየር ለጥፈናል፣ ለምን አትመጡም? መልሱ ከሁሉም ቤት አንድ ዓይነት ነበር። ወረቀቱንማ አይተነዋል፤ ግን ማን ጠራን? ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ነገር ለማንም ነው፤ ለማንም የሆነ ነገር ደግሞ ለእኔ ነው ብሎ የሚነሳ ያገር ሰው የለም። ሠርግ እንኳ ካርዱ ደርሶት «በአፍ አልጠሩኝም» ብሎ የሚቀር ስንት አለ።

የማርቹን ትያትር የጻፈው ዲንሳ ነው፤ የነቀምት ልጅ፣ ፍሪድሊ የሕክምና ዕቃ የሚገጣጥም፣ በእረፍት ሰዓቱ በዕቃ ካርቶን ጀርባ ላይ ትያትር የሚጽፍ። ታሪኩ በራሱ ላይ የደረሰ ነው። ባልና ሚስት በረዶ የዋጠውን መኪናቸውን ቀኑን ሙሉ ቆፍረው ሲያወጡ የጎረቤት መኪና ሆኖ ይገኛል። ሚስቲቱን ሆና የምትጫወተው የረሻድ ልጅ ናዲራ ናት፤ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ቤት ውስጥ በአማርኛ ሲያናግሯት በእንግሊዝኛ የምትመልስ፣ ለትያትሩ ስትል ግን ቃሉን አንድ በአንድ ያጠናች።

ዲንሳ ለረሻድ አማራጭ አልተወለትም። «ጋሽ ረሻድ፣» አለው፣ «እዚህ አገር ዘጠና አራት ቤት አንስቶ የሚያዳምጠው ድምፅ የእርስዎ ብቻ ነው።»

«አንስቶ ያለቅሳል እንጂ።»

«ዘንድሮ ይሳቃ።»

ናዲራም ከወንበሯ ላይ «ጀስት ኮል ዜም፣ ዳድ» አለች፤ በቃ ደውልላቸው ለማለት፤ ነገሩ እንደዚያ የቀለለ ይመስል።

ረሻድ ረቡዕ ከሥራ ሲገባ ላስቲኩን ፈትቶ ስልኩ አጠገብ ተቀመጠ። መጀመሪያ የደወለው ለታክሲ ነጂው ለበሪሁን ነው።

«ተቀምጫለሁ» አለ በሪሁን፣ ገና ሰላምታው ሳያልቅ።

«አይ፣ ምንም የለም። ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ያለው ትያትር ቤት ትያትር አለ። ቤተሰብህን ይዘህ ና ልልህ ነው።»

«ትያትር» አለ በሪሁን ቃሉን ደግሞ።

«ትያትር። የሚያስቅ።»

«እሺ፣ ጋሽ ረሻድ» አለ በሪሁን ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ገብቶኛል።»

ረሻድ ስልኩን ደስ ብሎት ዘጋ። ምን እንደገባው ግን አልጠየቀውም።

ለበሪሁን የገባው እንዲህ ነው። እኛ ዘንድ ለሟች የቅርብ ዘመድ መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ዱብ ተደርጎም አይነገርም። ሐዘንተኛው ሳያውቅ ዘመድ ወዳጁ በሌላ ሰበብ ይሰበሰባል፤ ምሳ ነው ይባላል፣ ስብሰባ ነው ይባላል፤ ሰው ሁሉ ከሞላ በኋላ ሽማግሌ ተነስቶ ይናገራል። ለፋፊው ራሱ ደውሎ «የሚያስቅ ነገር አለ፣ ቤተሰብህን ይዘህ ና» ካለ፣ ነገሩ ከባድ ነው ማለት ነው። እና ማን ነው የሞተው? ማንስ ነው ያልሰማው? በሪሁን ሲያወጣ ሲያወርድ ሐሳቡ ደረሰ የሚባል የእድሩ አባል ላይ አረፈ። ከደረሰ ጋር አንድ ሠርግ ላይ በመኪና ማቆሚያ ተጣልተው ሁለት ዓመት አልተነጋገሩም፤ የደረሰ እናት ደሴ እንደታመሙ ግን ሰምቷል። ደረሰም በበኩሉ ተደውሎለት ነበር። እሱ ደግሞ በሪሁን ናይሮቢ የቀረ ወንድም እንዳለው አስታወሰ።

ሁለት ምሽት እንዲህ አለፈ። ረሻድ ማንም አልሞተም ባለ ቁጥር ሰው እየተጠራጠረ ሄደ። ደውሎ ቤት ላላገኛቸው ሜሴጅ ተወላቸው፤ ማንም እንዳይቀር ብሎ፣ በዚያ ሃያ ዓመት ሞት በተናገረበት ድምፁ። ለልጆቹ ምን እንበላቸው ብሎ የጠየቀውን ሰው ይዘሃቸው ና፣ ይሳቁ አለው፤ ሰውየው በረሻድ ጽናት ተገረመ። እትዬ ፈዲላ እንኳ በዚህ ጊዜ ስልኩን ከልጃቸው ተቀብለው፣ አንተም ከብዶሃል፣ አላህ ያግዝህ አሉት። ረሻድ የሥራውን ድካም የሚሉት መስሎት አመስግኖ ዘጋ።

ቅዳሜ የጠዋት ሺፍቱን ጨርሶ ትያትር ቤቱ ሲደርስ መኪና ማቆሚያ አጣ። ሦስት ጊዜ ዞረ። ሰው በሩን አልፎ እስከ ጥጉ ቆሟል። ሰማንያው ሞልቶ ተርፏል። ጠጋ ሲል ግን ማንም እንደማያወራ አስተዋለ። ወንዶቹ ጥቁር ኮት ለብሰው እጃቸውን አጣምረዋል። የክርስቲያኖቹ ሴቶች ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል፤ የሙስሊሞቹ ጥቁር ሻሽ አስረዋል። የኦላና ሚስት ከሚሪያ በሁለት እጇ ያቀፈችው ትልቅ ድስት ክዳን ሸርተት ሲል አየ፤ ንፍሮ ነው። የስንዴና የባቄላ ንፍሮ፣ ለቅሶ ቤት የሚበላው።

በሪሁንና ደረሰ ጎን ለጎን ቆመዋል። በሪሁን የደረሰን ኮት በክንዱ ይዞለታል፤ ደረሰ በሪሁንን ወንበር አምጡለት እያለ ነው።

ነገሩ ለረሻድ ያኔ ገባው። ወደ ውስጥ እንዴት እንደገባ አያውቅም። ማርሊስ በሩ ላይ ፊቷ እንደ ልጅ በርቶ እጁን ያዘች፤ ሰዎችህ ለትያትር እንዲህ በክብር እንደሚለብሱ አላውቅም ነበር አለችው። ዲንሳ በመጋረጃው ቀዳዳ አጮልቆ አይቶ ፊቱ አመድ መስሏል። ናዲራ በረዶ መዛቂያ አካፋዋን ታቅፋ፣ አባቷን እያየች፣ በአማርኛ «አባቢ፣ ማን ሞተ?» አለችው።

ወንበሩ ሞላ፤ የቀረው በግድግዳው ዙሪያ ቆመ። እንደ ለቅሶ ቤት ጸጥ ብለው ሁሉም ረሻድን ያያሉ። ረሻድ መድረኩ ላይ ወጣ።

«ማንም አልሞተም» አለ።

ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ።

«ወላሂ ማንም አልሞተም። ትያትር ነው። ትያትር ስላችሁ ትያትር ማለቴ ነበር።»

እትዬ ፈዲላ ከሁለተኛው ረድፍ ተነሱ። «ረሻድ፣ እኔ አሮጊት ነኝ፣ አትሸንግለኝ» አሉት። «ከእኔ ወገን ከሆነ አሁኑኑ ንገረኝ።»

ቃል እንደማይበቃ አወቀ። እጁን ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተና ላስቲኩን ፈታ። ያን ወረቀት ሲያወጣ አዳራሹ ውስጥ አንዲት ሴት ማልቀስ ጀመረች። እሱ ግን ከላይ ጀምሮ ስም ጠራ። የመጀመሪያው ቤተሰብ ዝም አለ። ደግሞ ጠራ፤ አላችሁ ወይ አለ። «አለን» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ፣ እየፈራ። ሁለተኛውን ጠራ። አለን። ሦስተኛውን። አለን፣ ልጆቹም አሉ። የሁሉም ቤት ስም እየተነሳ፣ ሁሉም ቤት እየመለሰ ሄደ፤ ሰውም ተራው እስኪደርስ እየጠበቀ፣ ሲደርሰው ድምፁን እያጎላ።

«ኦላና» አለ ረሻድ።

«ሥራ ላይ ነው» አለች ሚስቱ ከሚሪያ፣ ድስቷን እንዳቀፈች።

«ደህና ነው ግን?»

«ጠዋት ከእኔ ጋር ተጣልቶ ነው የወጣው። ደህና ነው።»

የመጀመሪያው ሳቅ እዚያ ላይ ወጣ፤ አጭር፣ የተሰረቀ ሳቅ። ደረሰ ሲጠራ አለሁ አለ። በሪሁን አላስቻለውም፤ እናትህስ ብሎ ሁለት ዓመት ያላናገረውን ሰው በሁሉም ፊት ጠየቀው። ደረሰ ትናንት እንዳወራቸውና ተሽሏቸው ሲቆጡት እንደነበረ ነገረው። የበሪሁንስ ወንድም? ደህና ነው፤ ባለፈው ሳምንት ፎቶ ልኳል። ሁለቱም ትንሽ ተያዩ።

«እና ኮትህን ለምንድን ነው የያዝኩልህ?» አለ በሪሁን።

አዳራሹ ፈረሰ። ሰው እየሳቀ እንባውን ይጠርጋል፤ እያለቀሰ ጎረቤቱን ይመታል። ረሻድ ግን አላቋረጠም፤ በሁለተኛው ገጽ ግርጌ ያለውን ዘጠና አራተኛውን ስም ጠርቶ፣ አለን ተብሎ፣ ወረቀቱን አጠፈው። ያን ወረቀት ከዳር እስከ ዳር አንብቦ ሁሉም የመለሰለት ያን ቀን ብቻ ነው።

እትዬ ፈዲላ አልተቀመጡም ነበር። «አልሐምዱሊላህ» አሉ፣ አዳራሹን ከግራ ወደ ቀኝ እያዩ። «እዚህ አገር ከመጣን ሬሳ ሳይኖር እንዲህ ተሰብስበን አናውቅም። በሉ ትያትሩን አምጡ፤ መጥተን የለም እንዴ።»

ትያትሩ የተሠራው እንዲህ ሆኖ ለመጣ ሰው ነው። ሰው ትያትሩ ካሳቀው ይልቅ በሕይወት መኖሩ አስቆታል። ናዲራ የጎረቤቷን መኪና ሰሌዳ ከበረዶው ውስጥ አውጥታ «የእኛ አይደለም» ስትል ጣሪያው የሚነሳ መሰለ፤ ልጅቷ ሳቁ እስኪያልቅ አካፋዋን ተደግፋ መጠበቅ ነበረባት። ከሚሪያ ንፍሮውን ይዛ መመለሱን እንደ ነውር ቆጠረችውና ማርሊስን የፈንዲሻ ከረጢት አስመጣቻት። ንፍሮው በፈንዲሻ ከረጢት ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ማርሊስም ቀመሰችው፤ ጨው ጨመር አድርጋ ደግማ ቀመሰች፤ ለምን እንደሚበላ ግን ማንም ሊነግራት አልደፈረም።

ሲያልቅ ማርሊስ የሰውን ብዛት አልጠየቀችም። ግድግዳው ላይ ካለው ወረቀት አጠገብ ቆማ፣ ሦስተኛው ቅዳሜ እስከ ዓመቱ መጨረሻ የእናንተ ነው አለችው፤ ብቻ በሚቀጥለው ጊዜ ምግብ የምታመጡ ከሆነ ቀደም ብላችሁ ንገሩኝ፣ ጠረጴዛ ልዘርጋ። ረሻድ ምስጋናውን በየትኛው ቋንቋ እንደሚጀምር ስላላወቀ እጇን በሁለት እጁ ይዞ ዝም አለ። ኑርያ ከኋላቸው ቆማ፣ ሰውዬው ሥራው ጸንቶበት የደስታውንም እንደ ሐዘን ዝም ብሎ ይለፍፈዋል ብላ ለሴቶቹ አወራች።

ሰው ከመበተኑ በፊት ረሻድ አንድ ነገር አስታወቀ። ክፉው ቀንም መምጣቱ አይቀርም፤ ለእሱ ሲደውል እንደ ድሮው ተቀምጣችኋል ወይ ይላል። ለትያትር ሲደውል ግን የመጀመሪያ ቃሉ ቁሙ የሚል ይሆናል። ቁሙ ካልኳችሁ ንፍሮ አትቀቅሉ አላቸው።

በኤፕሪል ለሚታየው ፊልም መደወል የጀመረው ከፍሪድሊ ነው። ስልኩን ያነሳው የእትዬ ፈዲላ ልጅ ነበር፤ «ሃሎ» ብሎ ሳይጨርስ ከእጁ ሲነጠቅ ተሰማ።

«ቆሜያለሁ፣ ረሻድ» አሉ እትዬ ፈዲላ። «ስንት ሰዓት ላይ ነው?»

ረሻድ ሰዓቱን ከመናገሩ በፊት ወንበር ስቦ ራሱ ተቀመጠ።